የአእምሮ ሕሙማን በጋዜጣና በቴሌቪዥን፤ አቤቱታችንን እንዴት እንጻፍ?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ የተነገረ)




በአገራችን «እብድና ብርድ ያስቃል በግድ» የሚል ተረት አለ። ብርድ የያዘው ሰው ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ የሳቀ ይመስላል እንጂ አልሳቀም። እብድ ያየ ሰው ግን በእውነት ይስቃል። ተረቱን ያወጣው ሰው «በግድ» የሚለውን ቃል የጨመረው ለቤት መምቻ ብቻ አይመስለኝም፤ ሳቁ ከደስታ እንዳልመጣ ዐውቆት ይሆናል።

ይኸንን ተረት ያስታወሰኝ ባለፈው ዓመት በመኖሪያችን የቴሌቪዥን ክፍል የሆነው ነገር ነው። አንድ ጣቢያ በበዓል ዋዜማ ያቀረበውን አጭር ቀልድ ዐርባ የምንሆን ተማሪዎች ተሰብስበን እናያለን። ተዋናዩ የተቀዳደደ ካፖርት ለብሶ፣ በወገቡ የቆርቆሮ ጣሳ አንጠልጥሎ፣ መንገድ መካከል ቆሞ መኪና ያስተናብራል። ሕፃናት ይከተሉታል። በመጨረሻ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሐኪም ብቅ ይልና «ይህ በሽታ አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ጫኑት» ይላል። አንዲት ሴትዮም «የአማኑኤል መኪና መጣችልህ!» ብላ ትጮኻለች። እኛም ሳቅን። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ይኸን መደበቅ አልፈልግም።

በመካከላችን አንድ ጓደኛችን ነበረ። ከዚያ በፊት በነበረው መንፈቅ ታሞ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በአማኑኤል ሐኪም ቤት ታክሞ፣ ተሽሎት የተመለሰ ነው። ይኸንን የምናውቀው አራት ወይም አምስት ሰዎች ብቻ ነበርን። ያን ምሽት ከሁላችን አብልጦ የሳቀው እርሱ ነው። «መኪናዋ መጣችልህ» የሚለውም ቃል በየመኝታ ክፍሉ ሳምንት ሙሉ ሲባል ሰነበተ፤ ፈተና የወደቀውም፣ ካልሲ የጠፋውም፣ ከሴት ጋር የተጣላውም መኪናዋ መጣችለት። ከዚያ በኋላ ጓደኛችን የመድኃኒት ቀጠሮውን ሳይሄድ መቅረቱን ሰማን። ለምን ቀረህ ብንለው «ከታክሲ ወርጄ በዚያ በር ስገባ የሚያየኝ ሰው ቢኖርስ?» አለን።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ቀልዱ ሳይሆን ከቀልዱ በኋላ ስላደረግነው ነገር ነው። ሦስት ሆነን በአንድ ሌሊት የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፍን። አራት ገጽ ሞላ። አድራሻው «ለሚመለከተው ሁሉ» ነበረ፤ ስምንት መሥሪያ ቤቶችም ግልባጭ ተደረገላቸው። (ግልባጭ መውደዳችን የሚገርም ነው፤ ስምንት ሰው የደረሰውን ደብዳቤ ስምንቱም ሌላው ይመልሰዋል ብሎ ያስቀምጠዋል።) በደብዳቤው ውስጥ ስለ ወገን ፍቅር፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ጥበብ ክብር ብዙ ተብሏል። ቀልዱ የቀረበበት ቀንና ሰዓት ግን የለም። ቅር ያሰኘን ቃል የትኛው እንደ ሆነም አልተጻፈም። የጠየቅነው አዘጋጆቹ እንዲቀጡና ዝግጅቱ ለዘለዓለም እንዲታገድ ነው። ከስምንቱ ከአንዱም መልስ አልመጣም።

ይኸ ብቻ ቢሆን ኖሮ የወጣትነት ነገር ነው ብዬ አልፈው ነበር። በሦስተኛው ገጽ ላይ ግን «በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ምስኪን ጓደኛችን» ብለን የትምህርት ክፍሉንና ስንተኛ ዓመት እንደ ሆነ ጠቅሰን፣ ታሪኩን ከነቀጠሮው ጽፈን ነበር። አላስፈቀድነውም። የደብዳቤውንም አንድ ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍነው። ጓደኛችን ከምሳ ሲመለስ ሰው ተሰብስቦ ሲያነብ አይቶ፣ እርሱም ቆሞ አነበበው። ማታ ወደ ክፍላችን መጥቶ ያለንን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ቴሌቪዥኑ ስሜን አያውቅም፤ እናንተ ግን ታውቁኛላችሁ» አለ። ጥቂት ዝም ብሎም «የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል ሲባል አልሰማችሁም ኖሯል?» ብሎ ፈገግ አለ። እኛ መሳቅ አልቻልንም።

ከዚህ በኋላ ነው እንግዲህ ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ጉዳይ እንዴት እንደሚይዘው ለማንበብ የተነሣሁት። (የውጭ አገሩን ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።)

ፍራንክ ብሩኖ የሚባለውን እንግሊዛዊ ቦክሰኛ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። በ1995 የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና የሆነ፣ በአገሩ ሕዝብ እጅግ የተወደደ ሰው ነው። በመስከረም 2003 የአእምሮ ሕመም ጠናበትና በሕግ ትእዛዝ ሐኪም ቤት ገባ። «ዘ ሰን» የተባለው ጋዜጣ በማግሥቱ የመጀመሪያ እትሙ የፊት ገጽ ላይ በጉልህ ፊደል «እብዱ ብሩኖ ተቆለፈበት» ማለት ሊሆን የሚችል ርእስ አወጣ። እንግሊዝኛው ቃል ከእኛ «እብድ» ይልቅ የፌዝ ቃል ነው፤ «ለየለት» እንደ ማለት ነው። አንባቢዎችና የሕሙማን ረዳት ማኅበራት ተቈጡ፤ በዚያው ቀን በኋላ የወጣው እትም ርእሱ ተለውጦ ስለ ሰውየው የሚያዝን ሆነ። ጋዜጣውም ለአንድ የአእምሮ ሕሙማን በጎ አድራጎት ድርጅት ከአንባቢዎቹ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ።

ይኸንን ስሰማ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ቈይቼ ሳስበው ግን ደስታዬ ቀነሰ። ርእሱ በሰዓታት ውስጥ የተለወጠው ብሩኖ ብሩኖ ስለ ሆነ ነው። ቀበቶ ያላሸነፈ፣ ፎቶግራፉ በየግድግዳው ያልተሰቀለ፣ ስሙን ጎረቤቱ ብቻ የሚያውቀው ሕመምተኛ እንዲህ ቢባል ማን ስልክ ያነሣለታል? ቍጣ የሚወደውን ሰው ይመርጣል። ደግሞም ቶሎ ይበርዳል።

ስለዚህ ቍጣው ከበረደ በኋላ በወረቀት ላይ ምን ቀረ ብዬ ፈለግሁ። በእንግሊዝ አገር በዚያን ጊዜ የጋዜጦች አቤቱታ ኮሚሲዮን የሚባል አካል ነበረ። ይኸው ኮሚሲዮን በ2006 ስለ አእምሮ ሕመም አዘጋገብ መመሪያ አወጣ፤ በሕግ ትእዛዝ ሐኪም ቤት የገቡ ሰዎች ሕሙማን እንጂ እስረኞች ተብለው እንዳይጻፉ ለአዘጋጆቹ አሳሰበ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ የሚጽፍ ሰው «ቃሉ አስከፋኝ» ከማለት ይልቅ «ራሳችሁ የተቀበላችሁትን መመሪያ ተላልፋችኋል» ለማለት ይችላል። ኮሚሲዮኑ በ2014 ፈርሶ «ኢፕሶ» የሚባል ሌላ አካል ተተክቷል።

ሕግ የምታጠኑ ጓደኞቼ እዚህ ላይ ብታዳምጡኝ ደስ ይለኛል። የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚተዳደሩበት ደንብ አድልዎን የሚከለክል አንቀጽ አለው፤ የሰውን የአእምሮ ሕመም በማንቋሸሽ መጥቀስን ይከለክላል። ነገር ግን የሚጠብቀው ተለይቶ የታወቀን አንድን ሰው ነው። ጋዜጣው «እብዶች ሁሉ እንዲህ ናቸው» ብሎ ቢጽፍ በዚያ አንቀጽ አይያዝም፤ ሁሉን የሰደበ ማንንም እንዳልሰደበ ተቈጥሮ ያልፋል። ታዲያ የብዙኃኑ ጠበቃ በየት በኩል ይገባል? በእውነተኛነት አንቀጽ በኩል ነው። ደንቡ ጋዜጣ የተሳሳተ ወይም የሚያሳስት ወሬ እንዳያወጣ ያዝዛል፤ ከባድ ስሕተት እንዲታረም ደግሞ ባለ ጉዳይ ያልሆነ ማንኛውም አንባቢ ማመልከት ይችላል። ጊዜው ጽሑፉ በታተመ በአራት ወር ውስጥ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ያው «ዘ ሰን» በጥቅምት 2013 ያወጣው የፊት ገጽ ነው። ርእሱ 1,200 ሰዎች «በአእምሮ ሕሙማን ታካሚዎች» እንደ ተገደሉ የሚናገር ነበረ። ቍጥሩ የተወሰደው ከአንድ የማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። ከተቃዋሚዎቹ ብዙዎቹ «ይህ ጭካኔ ነው» አሉ፤ ልክ ነበሩ፤ ግን ጭካኔ በደንብ ውስጥ አንቀጽ የለውም። የበሰሉት ወደ ጥናቱ ተመልሰው ሄዱ። እነሆ፣ ቍጥሩ ድርጊቱን ሲፈጽሙ የሕመም ምልክት ነበረባቸው የተባሉትን ሁሉ የያዘ ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከአእምሮ ሐኪም ደጅ ደርሰው የማያውቁ፣ ታካሚ ያልነበሩ ሰዎች አሉ። እንግዲህ «ታካሚዎች» የሚለው አንድ ቃል ስሕተት ነው። ክርክሩ ስለ ስሜት መሆኑ ቀረና በዚያች አንዲት ቃል ላይ ሆነ። አዘጋጅን መያዝ የሚቻለው በእንዲህ ያለ ቃል ነው።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር እናገኛለን። በመጋቢት 2000 ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ «ወንደርላንድ» የሚል ተከታታይ ድራማ ጀመረ። በመጀመሪያው ክፍል አንድ የስኪዞፍሬኒያ ሕመምተኛ በአደባባይ ሰዎችን በጥይት ይመታል፤ ሐኪም ቤት ከገባም በኋላ ነፍሰ ጡር የሆነችውን ሐኪም ሆዷ ላይ በመርፌ ይወጋታል። የአእምሮ ሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው ብሔራዊ ማኅበር አጥብቆ ተቃወመ። ድራማው ሁለት ክፍል ብቻ ታይቶ ተነሣ። አንዳንዶች ይኸንን እንደ ታላቅ ድል ይቈጥሩታል። በበኩሌ አልቈጥረውም። ተመልካችም አልነበረውም፤ ጣቢያው ያነሣው ለሕሙማን አዝኖ ይሁን ለገንዘቡ ለመናገር ያስቸግራል። ደግሞም የተነሣ ድራማ አይታረምም። ስሕተቱን ያየ ሰው ስሕተቱን ይዞ ይቀራል።

የመታረምን ዋጋ ያሳየኝ የቪየና ከተማ ነገር ነው። በ1980ዎቹ ዓመታት በዚያ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ሕይወታቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በዙ፤ ጋዜጦችም እያንዳንዱን በትልልቅ ርእስ ያራግቡት ነበር። በ1987 አጋማሽ የኦስትሪያ ባለሙያዎች ጋዜጦቹን አልከሰሱም፤ እንዲህ ያለውን ዜና እንዴት መጻፍ እንደሚሻል የሚገልጽ መመሪያ አዘጋጅተው ወደ አዘጋጆቹ ሄዱ። አዘጋጆቹም ተቀበሉ። በባቡሩ ላይ የሚደርሰው አደጋና ሙከራ ከዚያው ዓመት የመጀመሪያ እኩሌታ ወደ ሁለተኛው ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። «ጋዜጣ የጻፈው ማንን ይጎዳል? ወሬ አይደለም ወይ?» ለሚሉኝ ሰዎች የምሰጠው መልስ ይኸ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። ባለፈው ስብሰባ አንድ መምህራችን ከባድ ጥያቄ አንሥተው ነበር። «ጋዜጣ መዘጋቱ ብርቅ ባልሆነበት አገር ለዘጊው ተጨማሪ ቍልፍ ማቀበል አይሆንባችሁም ወይ?» አሉን። ያን ዕለት የረባ መልስ አልሰጠናቸውም። ነገሩን ከዚያ ወዲህ ብዙ አስቤበታለሁ። በአዋጅ ቍጥር 1238/2013 የተቋቋመው የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የብሮድካስት ፈቃድ የሚሰጥና የሚነጥቅ አካል ነው። ስለ አንድ የበዓል ቀልድ ወደ እርሱ በቀጥታ መሮጥ ጎረቤትህ ቢሰድብህ ዘብ ይዞ እንደ መሄድ ነው። መምህራችን የፈሩት ትክክለኛ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ደብዳቤያችንም «ይታገድ፣ ይቀጣ» ሲል ያንኑ ቍልፍ እያቀበለ ነበር። ስለዚህ አቤቱታው በመጀመሪያ ለሠራው ሰው ይሂድ፤ ለደራሲው፣ ለአዘጋጁ። እርሱ ዝም ካለ ለጣቢያው ኀላፊ። ከዚያ በኋላ መገናኛ ብዙኃን ራሳቸው ያቋቋሙት ምክር ቤት አለ። ባለሥልጣኑ የመጨረሻ ይሁን፤ ያን ጊዜም የምንጠይቀው ማረሚያ እንጂ መዝጊያ አይሁን። መምህራችን በዚህ ይስማሙ አይስማሙ ከንግግሩ በኋላ ይነግሩናል።

ሁለተኛውን ደብዳቤ የጻፍነው ከጓደኛችን ጋር ነው። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅነው። እርሱም ይቅርታውን ከሰጠን በኋላ «አሁን እስክሪብቶውን ለእኔ ስጡኝ» አለ። ከረቂቁ ላይ በመጀመሪያ የሰረዘው «ምስኪን» የሚለውን ቃል ነው፤ አምስት ቦታ ነበረ። ቀጥሎ የራሱን ታሪክ በሙሉ ሰረዘው። እኛ በጣም ያሳዘነን የተቀዳደደው ካፖርትና ጣሳው ነበር፤ ያ እርሱን ብዙም አላስከፋውም። «ካፖርት የቀደደ ሕመምተኛ አለ፤ አይቼዋለሁ» አለ። ያስከፋው ሌላ ነው። «በዚያ ቀልድ ውስጥ ሁሉም ስለ ሰውየው ይናገራል፤ ሰውየውን ግን አንድም ሰው አያናግረውም። ስሙ ማነው ብሎ የጠየቀ የለም።» እኛ ሦስታችን ቀልዱን አራት ጊዜ አይተነው ይኸንን አላየንም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ከሩብ ሆነ። ቀልዱ የቀረበበትን ቀንና ሰዓት፣ ቃሉ የተነገረበትን ደቂቃ ጻፍን። ከዚያም ሐኪም ሆኖ የሚጫወተው ሰው «አንዴ ከገባ አይወጣም» ያለው ሐሰት መሆኑን ገለጽን፤ ብዙ ሕሙማን በሕክምና ይድናሉ፣ ብዙዎችም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ሥራቸውንና ትምህርታቸውን ይቀጥላሉ። ጉዳቱን ለማሳየት የጓደኛችንን ታሪክ ትተን የታተመ ጥናት ጠቀስን። በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በተካሄደው ሰፊ የአእምሮ ሕመም ጥናት 68,378 ሰዎች ተጠይቀዋል፤ ከዚያው አካባቢ በ2001 በወጣ ጽሑፍ ከ178 የሕሙማን ዘመዶች ሦስት አራተኛ የሚሆኑት በሕመሙ ምክንያት መገለል እንደ ደረሰባቸው ወይም እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ሕመምተኛው ራሱ ሳይሆን ዘመዱ መሆኑን አስተውሉ። በመጨረሻ የጠየቅነው ሁለት ነገር ነው፤ የሐኪሙ ቃል በሌላ ዝግጅት እንዲታረምና ደራሲው ሊያነጋግረን ፈቃደኛ እንዲሆን። ግልባጭ ለማንም አልተደረገም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ደራሲው ደወለ። ሻይ ቤት ተገናኘን። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሆኖም የደከመው፣ ደመወዙ ያነሰ፣ በሳምንት ሦስት ቀልድ የሚጠየቅ ሰው ነው። ጓደኛችን አብሮን ነበረ፤ ማንነቱን ግን ያወቀው ግማሽ ሰዓት ያህል ስለ ፊልምና ስለ ድርሰት ከተጫወቱ በኋላ ነው። ደራሲው ስኒውን አስቀምጦ «እኔ እስከ ዛሬ አንድም ሰው አነጋግሬ አላውቅም፤ የጻፍሁት ከሌላ ቀልድ ያየሁትን ነው» አለ። ይኸ ቃል ከሁሉ በላይ አስገረመኝ። አንዱ ከሌላው ይቀዳል፤ ከሕይወት የቀዳ የለም።

ውጤቱን አጋንኜ ልነግራችሁ አልሻም። በሚቀጥለው በዓል በቀረበው ዝግጅት አንድ ሐኪም ለአንድ እናት «ልጅሽ ታክሞ ይማራል» የሚል ቃል ተናገረ፤ ስለ ፊተኛው ስሕተት ግን ጣቢያው ምንም አላለም። አሮጌው ቀልድ አሁንም በየስልኩ ይዞራል፤ «መኪናዋ መጣችልህ» የሚለውም ቃል ከመኖሪያችን ጨርሶ አልጠፋም። ጓደኛችን ቀጠሮውን ጀምሯል፤ ግን አሁንም አንድ ፌርማታ አልፎ ወርዶ በእግሩ ይመለሳል።

በዚህ ወር ደግሞ አንድ ጋዜጣ ስለ ግድያ ባወጣው ወሬ ርእሱ ላይ «እብድ» የሚል ቃል አስገብቷል። ወሬውን ከላይ እስከ ታች አንብበነዋል፤ ፖሊስም፣ ጎረቤትም፣ ሐኪምም ሰውየው ታሞ ነበር ያለ የለም። ቃሉን የጨመረው ርእስ አውጪው ነው። የአቤቱታው ረቂቅ አንድ ገጽ ሆኖ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ጓደኛችን አይቶት ሁለት መስመር ሰርዟል። ሊፈርም የሚፈልግ ሰው እስከ ሐሙስ አምስት ሰዓት መጥቶ ማንበብ ይችላል። ጋዜጣውንም አብረን አስቀምጠነዋል፤ ወሬውን ሳያነብ ማንም እንዳይፈርም አደራ።